የጄኔራሉ ፊት እና የጋሼ ፋን ድንጋይ

እጄ መንቀጥቀጥ የጀመረው ቤቴ ውስጥ፣ ሾርባ ስበላ ነው። ብሩሽ ስይዝ ለሁለት ወር ያህል ታግሶኝ ነበር፤ ከዚያ አንድ ጠዋት ሥራ ቦታም መጣ። ማንም ሳይጠይቀኝ ለአለቃዬ ተናገርኩና ጡረታ ወጣሁ። ኬክ ተቆረሰ፣ ሁሉም የፈረሙበት ካርድ ተሰጠኝ፣ ፎርሞቹን ልጄ ሩት ሞላችልኝ። አሁን ለንደን፣ ኬንቲሽ ታውን ባለችው ፍላቴ ተቀምጬ ይህን በኮምፒውተር እጽፋለሁ። አንዳንድ ፊደል ሁለቴ ሦስቴ ይጫንብኛል፤ አጥፍቼ እቀጥላለሁ።

የሥራዬ ስም በአማርኛ ምን እንደሚባል እስከ ዛሬ አላውቅም። ያረጀ የወረቀት ሥዕል ይመጣልኛል፤ አጥበዋለሁ፣ የተበላሸውን የጀርባ ወረቀት ልጬ አወጣለሁ፣ አዲስ ጀርባ አልብሼ እመልሰዋለሁ። ዘመድ ሲጠይቀኝ "ወረቀት አክማለሁ" እላለሁ። ሆስፒታል የምሠራ መስሏቸው ስለ ደም ግፊታቸው የሚያማክሩኝ አሉ።

አዲስ አበባ ሳለሁ አንድ ማተሚያ ቤት ጥራዝ ክፍል ውስጥ ሃያ ዓመት ሠርቻለሁ። አለቃችን ከኮላው ይልቅ የመግቢያ ሰዓታችንን የሚጠብቅ ሰው ነበር፤ ስለዚህ ኮላውን ራሳችን ተማርን። ከዚያ በፊት ደግሞ፣ ልጅ ሆኜ፣ የአባቴን ቀለም እፈጭ ነበር። አባቴ የቤተ ክርስቲያን ሰዓሊ ነበር። እኔ ዛሬ የጴንጤ ቸርች ነው የምሄደው፤ አባቴ ቢሰማ ብሩሹን ይወረውርብኝ ነበር። ግን ከአባቴ የወረስኩት አንድ ደንብ ዓይኔ ውስጥ ቀርቷል። በአባቴ ሥዕል ጻድቅ ሰው በሙሉ ፊት፣ በሁለት ዓይን ይሣላል። ክፉው፣ ከሃዲው፣ የጠላት ወታደሩ ግን በጎን፣ በአንድ ዓይን ብቻ ነው። አንድ ዓይን ካየሁ ጠላት ነው ማለት ነው። ይህን ያነሳሁት ያለ ምክንያት አይደለም፤ ኋላ ጉድ የሠራኝ እሱ ነው።

ከዘጠና ሰባቱ ምርጫ በኋላ ባለው ዓመት ሩትን ይዤ ለንደን ገባሁ። ቶተንሃም አንድ ክፍል ተከራይተን ጽዳት ጀመርኩ። ከማጸዳቸው ሕንፃዎች አንዱ ሃክኒ ውስጥ ነበር፤ ከታች ብስክሌት ይጠገናል፣ ከላይ አንድ ቻይናዊ ሽማግሌ ወርክሾፕ አላቸው። ሚስተር ፋን ይባላሉ። በራቸው ክፍት ነበርና አንድ ቀን ወለሉን ስወለውል አየኋቸው፤ በአንድ እጃቸው ስልክ ይዘው በሌላው ድስት ያማስላሉ። ሽታውን አወቅሁት፤ የስንዴ ኮላ ነው። ማማሰሉ ደግሞ ቀዝቅዟል።

"ይቅርታ፣ ኮላዎት እየጓጎለ ነው" አልኳቸው።

ስልኩን ዘጉና ድስቱን አዩ። ከዚያ ማማሰያውን ለእኔ አቀበሉኝ። "ወደ ቀኝ ብቻ" አሉኝ። እኔም መወልወያዬን ግድግዳ ላይ አስደግፌ ክንዴ እስኪዝል አማሰልኩ። ሲበቃቸው እሳቱን አጠፉና "ነገ ስትጨርሺ ነይ" አሉ። እንዲህ ተቀጠርኩ። ወዲያው "ጋሼ" እላቸው ጀመር፤ በዕድሜ አባቴን የሚያህሉትን ሰው በባዶ ስም መጥራት አልሆነልኝም። ምን ማለት እንደሆነ ስነግራቸው ራሳቸውን ነቀነቁ፤ ከዚያ ወዲያ ሚስተር ስላቸው አይሰሙም ነበር።

ጋሼ ፋን ሻይ አይጠጡም፤ የፈላ ውሃ ብቻ። ምሳ ሲበሉ ለሥዕሉ ጀርባቸውን ሰጥተው፣ ፊታቸውን ወደ ግድግዳ አዙረው ነው። በክረምት ማሞቂያ አያስነኩም፤ ጀርባው የለበሰ ሥዕል ጠርዙ ሰሌዳ ላይ ተለጥፎ ሲደርቅ ክፍሉ ከሞቀ ከመካከል ይሰነጠቃል። ስለዚህ ኮታችንን ለብሰን እንሠራ ነበር። የጀርባውን ወረቀት በቢላ መፋቅ ክልክል ነው። በጣት ጫፍ እያሻሹ፣ እንደ እርሳስ ላጲስ ትራፊ እያንከባለሉ ማውጣት ነው። አንድ ክንድ ሥዕል ሳምንት ይፈጃል። ማመስገን አያውቁም። ሥራዬ ደህና ከሆነ በአፍንጫቸው ያንጎራጉራሉ፤ ካልሆነ ክፍሉ ጸጥ ይላል።

አንድ ደንባቸውን ግን በየቀኑ ይደጋግሙታል። "ከመለጠፍሽ በፊት ጀርባውን አንብቢ።" የተቀደደውን ቁራጭ በመብራት ፊት ይዘሽ በወረቀቱ ውስጥ የሚታየውን የቃጫ ጭረት ከጎረቤቱ ቁራጭ ጭረት ጋር አስተያዪ ማለታቸው ነው። "ፊቱ ይዋሻል፤ ጀርባው አይዋሽም" ይሉ ነበር።

ሦስተኛ ዓመቴ ላይ ትልቁ ሥራ መጣ። አንድ ባለሀብት የአያታቸውን ጥቅል ሥዕል ላኩልን፤ ምስጥ የበላው፣ መካከሉ የተበጣጠሰ፣ ሲዘረጋ ከወርክሾፑ ግድግዳ የሚረዝም። የአንድ ጥንታዊ የቻይና ጄኔራል ሕይወትና ዘመቻ በዘጠኝ ክፍል ተስሎበታል። ጋሼ ፋን ስሙን አልጠሩልኝም። "ሽማግሌው" ነው የሚሉት። እኔም ሽማግሌው አልኩት፤ ዛሬም ሌላ ስም አልሰጠውም።

ሽማግሌው ቻይና ገና አንድ አገር ሳትሆን፣ መንግሥታት እርስ በርስ ሲዋጉ፣ በሰሜን ዣው የምትባል መንግሥት አዛዥ ነበር። በመጀመሪያው ክፍል ወጣት ሆኖ የጎረቤት መንግሥት ከተማ ሲይዝ ይታያል። እዚያ ላይ የፈረሶቹን እግር ብቻ ስናጥብ አንድ ወር ፈጀብን። በሦስተኛው ክፍል እስከ ወገቡ ራቁቱን ሆኖ፣ የእሾህ ጭራሮ በጀርባው ታስሮ፣ አንድ ሲቪል ባለሥልጣን ደጃፍ ተንበርክኳል። "ምን አድርጎ ነው?" አልኳቸው። "በዚያ ሰውዬ ሹመት ቀንቶ በየአደባባዩ ሲሰድበው ኖረ" አሉ። "ሰውዬው ግን መልስ አልሰጠም፤ ሁለታችን ከተጣላን ጠላት አገሪቱን ይበላታል ብሎ መንገድ ሲያገኘው ዞር ይል ነበር። ሽማግሌው ይህን ሲሰማ አፈረ። በዚህ እሾህ ግረፈኝ ብሎ ሄደ። ከዚያ በኋላ አንዱ ለሌላው አንገቱን የሚሰጥ ወዳጅ ሆኑ።"

"በእኛ አገር ድንጋይ ነው የሚሸከሙት" አልኩ። "የበደለ ሰው ድንጋይ በጫንቃው አድርጎ የተበደለው ፊት ይቆማል። የተበደለው ይቅር ካለ ድንጋዩን ያወርድለታል።" ጋሼ ፋን ብሩሻቸውን አቁመው ሰሙኝ። "ካላወረደስ?" አሉ። "እስኪያወርድ ይቆማል" አልኳቸው። በአፍንጫቸው አንጎራጎሩ።

አምስተኛው ክፍል ላይ ምንም የሚሆን ነገር የለም፤ እሳቸው የሚወዱት ግን እሱን ነበር። ሽማግሌው ግንብ ሠርቶ ከጀርባው ተቀምጧል። ከሱ የበረታ ሠራዊት ከውጭ ይሳደባል፤ እሱ አይወጣም። ወሩ ያልፋል፣ ዓመቱ ያልፋል፣ አይወጣም። የጠላት ስንቅ እያለቀ መሆኑን ያውቃል። ንጉሡ ግን ትዕግሥቱ አለቀና ሽማግሌውን አንስቶ፣ ጦርነትን ከመጽሐፍ የተማረ የጄኔራል ልጅ ሾመ። ልጁ ከግንቡ ወጣ፤ ሠራዊቱ በሙሉ አለቀ። ጋሼ ፋን ኮላው እስኪቀዘቅዝ አላስችል ሲለኝ ጣታቸውን ወደ አምስተኛው ክፍል ይቀስራሉ። እኔም እቀመጣለሁ።

አሁን ነገሩ የተንጠለጠለበትን ልንገራችሁ። ጋሼ ፋን የተወለዱት የጥንቷ ዣው በነበረችው አገር ነው። አባታቸውም ይህንኑ ሥራ የሚሠሩ ሰው ነበሩ። አባትና ልጅ ተጣልተው ልጁ ሲወጣ "የምታሳየው ሥራ ሳትይዝ እንዳትመለስ" ተብሏል። አርባ ዓመት አልፎ ነበር። አባት ሞተዋል፤ ታላቅ እህታቸው ግን በሕይወት አሉ። ባለሀብቱ ደግሞ ሥዕሉ ሲያልቅ እዚያው ከተማ ለኤግዚቢሽን ሊያውሱት፣ ጋሼ ፋንንም አጅበውት እንዲሄዱ ሊያደርጉ ቃል ገብተዋል። ጋሼ ፋን ቡናማ ሻንጣ ገዝተው ወርክሾፑ ጥግ አቆሙ፤ የሱቁ የዋጋ ወረቀት እጀታው ላይ እንደተንጠለጠለ።

"ለምን ዝም ብለው ትኬት ቆርጠው አይሄዱም?" አልኳቸው አንዴ።

"ባዶ እጄን?" አሉኝ። ይህን ለኢትዮጵያዊ ማስረዳት አያስፈልግም።

ስምንተኛው ክፍል ላይ ስንደርስ ጋሼ ፋን የዓይን ሞራቸውን ሊያስገፍፉ ሆስፒታል ገቡ። ሥራውን ለሁለት ሳምንት ለእኔ ተዉልኝ። በዚያ ክፍል ሽማግሌው አርጅቷል፤ ከአገሩ ተባሮ በሰው አገር ተቀምጧል። ንጉሡ ጦርነት ሲበዛበት "አሁንም ይችል እንደሆነ እይልኝ" ብሎ መልእክተኛ ላከ። ሽማግሌው በመልእክተኛው ፊት የአምስት ሰው ሩዝና ሥጋ በላ፣ የብረት ልብሱን፣ ጥሩሩን ለበሰ፣ ፈረስ ላይ ወጣ። ጥሩኝ ማለቱ ነው። መልእክተኛው ግን የሽማግሌው ጠላት የገዛው ሰው ነበር። ተመልሶ "ምግቡን እንኳ ይበላል፤ ግን አብረን በተቀመጥንበት ሰዓት ሦስት ጊዜ ሊጸዳዳ ወደ ውጭ ሮጠ" አለ። ንጉሡም አርጅቷል ብሎ ተወው። ሽማግሌው እስኪሞት የአገሩን ልጆች መምራት እንደናፈቀ ቀረ።

ሥዕሉ ላይ ሽማግሌውም መልእክተኛውም ከአንገት በላይ ተቀድደዋል። ሳጥኑ ውስጥ ሁለት የፊት ቁራጮች አሉ፤ ሁለቱም ሽማግሌ፣ ሁለቱም ባለ ጢም፣ መጠናቸው እኩል። አንዱ ሙሉ ፊት፣ ሁለት ዓይን። ሌላው በጎን፣ አንድ ዓይን። እኔ አላመነታሁም። ሁለት ዓይን ያለውን ለጄኔራሉ፣ አንድ ዓይን ያለውን ለከሃዲው መልእክተኛ። ቁራጮቹን በመብራት ፊት ልያዛቸው የሚል ሐሳብ መጣልኝ፤ ግን ምን ይጠየቃል? ዓይኔ አይቷል። ኮላ ቀባሁ፣ ጀርባ አለበስኩ፣ ሰሌዳ ላይ ወጠርኩ። ያን ቀን እያንጎራጎርኩ ነው ወደ ቤቴ የሄድኩት።

ጋሼ ፋን በአዲሱ ዓይናቸው ተመልሰው ሰሌዳው ፊት ቆሙ። ክፍሉ ጸጥ አለ። ከኋላ መብራት አበሩበትና "ነይ" አሉኝ። የወረቀቱ ጭረት በሁለቱም አንገት ላይ ተሳስቶ ነበር። ጄኔራሉ ነበር በጎን የተሣለው። ፈረስ ላይ ወጥቶ፣ ፊቱን አዙሮ ወደ ሰሜን፣ ወደ አገሩ ያያል። ወደ እኛ የሚያየውና ፈገግ የሚለው ከሃዲው ነው። እኔ አገሩን እያየ የቀረውን ሰው ፊት ለሸጠው ሰው ሰጠሁት።

ስለ አባቴ ደንብ ነገርኳቸው። አልተቆጡም፤ ቢቆጡ ይሻለኝ ነበር። ፊቶቹን ለማንሳት ሥዕሉ እንደገና መርጠብ ነበረበት፤ አረንጓዴው ቀለም ግን ተፈትኖ ሁለተኛ ውሃ እንደማይችል ታወቀ። "ወረቀቱ ይረፍ" አሉ። "አሥር ዓመት፣ ከዚያም በላይ።" ባለሀብቱም ፊቱ የተሳሳተ ሥዕል ኤግዚቢሽን አልልክም ብለው ጥቅሉን ወሰዱት። ጉዞው ቀረ። በማግስቱ ጋሼ ፋን ብሩሾቻቸውን ቡናማው ሻንጣ ውስጥ ደረደሩ። ከዚያ በኋላ የብሩሽ ዕቃ ሆነ።

ከሳምንታት በኋላ ሩት፣ ያኔ ዩኒቨርሲቲ የጀመረች፣ እራት ላይ አፍጥጣ አየችኝ። ጋሼ ፋን ለደንበኞቻቸው የሚልኩትን ደብዳቤ የምትጽፍላቸው እሷ ነበረች።

"ማሚ፣ ለኦውነሩ የተላከውን ሌተር እኔ ነኝ ታይፕ ያደረግኩት። ኢት ዋዝ ማይ አይስ ነው ያሉት። ያንቺን ስም አላነሱም። ኖት ዋንስ።"

"ከኦፕሬሽኑ በፊት የሠራሁት ነው ብለው?"

"የስ። በደንብ አላይም ነበር ብለው። ለማሚ አትንገሪ ብለውኛል፤ ሶሪ፣ አልቻልኩም።"

ያን ምሽት አልበላሁም። በማግስቱ ወርክሾፕ ስገባ ጋሼ ፋን ውሃ እያፈሉ ነበር። ጠረጴዛው ላይ ማለስለሻው ድንጋይ አለ። ሥዕል ከሰሌዳ ሲወርድ ጀርባው እንዲለሰልስ የምናሽበት፣ የሕፃን ራስ የሚያህል ጥቁር ድንጋይ ነው፤ ከአገራቸው ይዘውት የወጡት ዕቃ እሱ ብቻ ነው። አነሳሁት፣ ጫንቃዬ ላይ አደረግኩት፣ ጎንበስ ብዬ ፊታቸው ቆምኩ። ከባድ ነው። እንባዬ ወለሉ ላይ ሲንጠባጠብ አያለሁ።

ማንቆርቆሪያው ፈልቶ ጮኸ፤ አላጠፉትም። ከዚያ ሁለት እጃቸው አንገቴ ላይ መጣና ክብደቱ ተነሳልኝ።

"ሦስተኛው ክፍል" አሉ። ድንጋዩን ደረታቸው ላይ አቅፈውት ነበር። "ወረቀቱ ሲያርፍ አንቺ ታስተካክይዋለሽ። ከመለጠፍሽ በፊት ጀርባውን አንብቢ።"

ከዚያ በኋላ ስድስት ዓመት አብረን ሠራን፤ ስለዚያ ነገር አንድም ቀን አላነሱም። ሲሞቱ እንደ ልጅ አለቀስኳቸው። ድንጋዩንና ሻንጣውን ለእኔ ተዉልኝ። እኔ አንድ ሙዚየም ውስጥ ተቀጠርኩ። ደመወዙ ደህና፣ ወረቀቱ ብዙ፣ ማሞቂያው ሁሌ የበራ ነበር። ባለሀብቱ ሲያርፉ ቤተሰባቸው ጥቅሉን ለዚያው ሙዚየም ሰጡ። ከዚያ ወዲህ አንድ ነገር ብቻ ነበር የምጠብቀው፤ ስምንተኛው ክፍል የሚከፈትበትን ቀን። ወረቀቱ እስኪያርፍ እጄ አልጠበቀኝም።

ባለፈው የካቲት ከሙዚየሙ ኤማ ደወለች፤ የእኔን ቦታ የያዘችው ባለሙያ ናት። ሥዕሉ ተፈትኗል፣ አሁን ይችላል፣ ስምንተኛው ክፍል ሊከፈት ነው። "ቤትሽ መጥቼ ላናግርሽ?" አለችኝ። ለምን እንደምትመጣ ገባኝ። ዶሮ ጠበስኩ፣ ሩዝ ሠራሁ። ሐኪሙ ያዘዘልኝን ክኒን ልትመጣ ስትል ዋጥኩት፤ ለአንድ ሰዓት ያህል እጄን ይይዝልኛል። እሷ ፊት ሁለት ሰሃን በላሁ። ወትሮ ግማሹንም አልጨርስም። ዶሮውን ስገነጥል ራሴን ታዘብኩት፤ ጥሩር ለብሼ ፈረስ መውጣት ብቻ ነበር የቀረኝ።

"ጽጌ፣ እጅሽ እንዴት ነው?" አለች ኤማ።

ጠረጴዛው ላይ ዘረጋሁት። አልተንቀጠቀጠም። ደህና ነው የሚለው ቃል ምላሴ ላይ ነበር። በሕይወቴ እንደዚያ የፈለግሁት ነገር የለም። ጋሼ ፋን አንቺ ታስተካክይዋለሽ ብለውኛል፤ ለዚህ ነው የቆየሁት። ግን አንድ ጊዜ እርግጠኛ ሆኜ ያንን ሥዕል አበላሽቻለሁ፤ አሁን ደግሞ እያወቅሁ ላበላሸው ነው።

"ክኒን ውጬ ነው" አልኳት። "ከአንድ ሰዓት በኋላ ብትመጪ ማንኪያ ከእጄ ሲወድቅ ታዪ ነበር። እኔ አልነካውም፤ አንቺ ሥሪው። ጀርባውን ማንበብ ግን እችላለሁ።"

ኤማ ሰሃኗን ገፋ አደረገች። ከዚያ "እንግዲያው መጥተሽ አንብቢልኝ" አለችኝ።

ሄድኩ። ብሩሹን የያዘችው እሷ ናት፤ እኔ ከመብራቱ ኋላ ቆሜ የጭረቱን አቅጣጫ እነግራት ነበር። ሁለቱ ፊቶች ተነሡ፣ ቦታ ተለዋወጡ፣ ተለጠፉ። ሥዕሉ ሰሌዳ ላይ ሲደርቅ ኤማ ሳልነግራት ማሞቂያውን አጠፋችው። ከሰሌዳ በወረደ ቀን በፊቱ ተደፍቶ ጠረጴዛው ላይ ጠበቀኝ። የጋሼ ፋንን ድንጋይ በገበያ ቦርሳዬ ይዤው ሄጄ ነበር። ሁለት እጄን ጫንኩበትና ጀርባውን ማሸት ጀመርኩ። ያን ቀን ክኒን አልዋጥኩም። ድንጋዩ ግን ከባድ ስለሆነ ከሥሩ መንቀጥቀጥ አይቻልም፤ እጄ ጸጥ አለልኝ። ከጫፍ እስከ ጫፍ አሸሁት። አንድ ሰው በአፍንጫው ያንጎራጉር ነበር፤ ቆይቼ ነው እኔ መሆኔን ያወቅሁት።

ከዚያ ገለበጥነው። ሽማግሌው ፈረሱ ላይ ሆኖ፣ በአንድ ዓይኑ፣ ወደ ሰሜን ያያል።

ሥዕሉ በመስከረም ወደዚያ ከተማ ለኤግዚቢሽን ሄደ። አጅባው የሄደችው ኤማ ናት፤ ለእኔ ረጅም በረራ ሐኪሙ አልፈቀደልኝም። የጋሼ ፋን እህት ዘጠና አልፏቸዋል፤ ተሽከርካሪ ወንበር ላይ ሆነው ሊያዩት እንደሚመጡ ተነግሮናል። ቡናማውን ሻንጣ ለኤማ ሰጠኋት፤ ብሩሾቹ እንደተደረደሩ፣ የሱቁ ወረቀት እጀታው ላይ እንደተንጠለጠለ። ድንጋዩን ግን አልሰጠኋትም፤ እሱን ማንም አይወስደውም።

አውሮፕላኑ በተነሳበት ሰዓት መስኮቴ አጠገብ ተቀምጬ ድንጋዩን ጭኔ ላይ አድርጌ ነበር። ኮታችንን ለብሰን የሠራንበትን ብርድ እንኳ ናፈቅሁት።

"ጋሼ" አልኩ፣ ጮክ ብዬ፣ ባዶ ቤት ውስጥ። "ይግቡ። ባዶ እጅዎን አይደሉም።"